ለአሥራ ሁለት ቁጥር የመጣ ኬክ

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የጀርባ ክፍል ብርሃን የሚገባው ከላይ ነው። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ተደርድረዋል፤ ውጭ ያለውን ዛፍ ነፋስ ሲነካው ጥላው በጠረጴዛዎቹ ላይ እንደ ውኃ ይሄዳል። እዚያ የተቀመጠ ሰው ከሚያነበው ገጽ ቀና ሲል ለአፍታ የት እንዳለ ይጠፋዋል። እኔም ብዙ ጊዜ ጠፍቶኛል። በቧንቧ ሥራ የዛለ እጄን መጽሐፍ ላይ ጭኜ፣ ዐይኔ ከደን ሲል፣ መጻሕፍቱ በመደርደሪያቸው ላይ ቀስ ብለው ሲተነፍሱ የሰማሁ መስሎኝ ያውቃል። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ፈጣሪ ግን ያቺን ክፍል ሰጠኝ። ስለ ክፍሏ ባመሰገንኩ ቁጥር ደግሞ አብረው ትዝ የሚሉኝ አንዲት ሴት አሉ።

እትዬ ቀስታ እንላቸዋለን። በር ሲንኳኳ «ቀስ»፣ ወንበር ሲጎተት «ቀስ»፣ ሰው ሲያስነጥስ ሳይቀር «ይማርህ፣ ቀስ በል ልጄ» ስለሚሉ ነው። የጀርባው ክፍል ኃላፊ እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ፍርድ ቤት በታይፕ ይጽፉ ነበር። ታይፑ ጡረታ ሲወጣ እሳቸው ወደዚህ ተዛወሩ።

«ቀኑን ሙሉ የሰው ጠብ ስጽፍ እውል ነበር» ብለውኝ ያውቃሉ። «እዚህ ግን ተመስገን ነው፤ የሚጣላ የለም። ያለው የሚያንኮራፋ ብቻ ነው።»

ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል። ነርስ ከሆነች አንድ ልጃቸው ጋር ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ባለች ቤት ይኖራሉ። ጠዋት ሲመጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት የጀርባውን ክፍል በር ከፍተው ደፉ ላይ መቆም ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚሉትን ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ሰው ተኝቶ ያደረ ልጁን ከማንቃቱ በፊት እንደሚያየው ነው የሚያዩት።

ክፍሉ አንድ ሕግ ነበረው፤ ያወጡትም እሳቸው ናቸው። አንባቢ ሲነሣ መጽሐፉን ወዳነሣበት ቦታ ራሱ ይመልሳል። ጠረጴዛ ላይ ጥሎ የሄደ ሰው በሚቀጥለው ቀን ሲመጣ እትዬ ቀስታ ምንም አይሉትም፤ ዝም ብለው ያዩታል። ያቺ አስተያየት ከግልምጫ ትብሳለች። ስለዚህ ሁላችንም ጨዋ ሆንን።

አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍቱን የሚመራው ሰው መጥቶ ቦታ ጠቧል አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቦታው እውነትም ጠቧል። የመጻሕፍቱን ውሰት የሚመዘግበው የኮምፒውተር ፕሮግራም ለብዙ ዓመት ማንም ያልነካቸውን መጻሕፍት እንደሚለይ፣ እነሱም በመኪና ተጭነው ወደ ወረቀት ፋብሪካ እንደሚሄዱ ተናገረ። ፕሮግራሙ ሲጠየቅ የጀርባውን ክፍል ከሞላ ጎደል በሙሉ ዘረዘረው። የዚያ ክፍል መጻሕፍት ከባዶችና ያረጁ ስለሆኑ በውሰት አይወጡም። ፕሮግራሙ ደግሞ የሚቆጥረው የወጣውን ብቻ ነበር። እኛ ቀን በቀን ስናነባቸው የምንውላቸውን መጻሕፍት ሙታን አላቸው።

እትዬ ቀስታ ይህን ሰምተው አልጮኹም። ጠረጴዛቸው ላይ ባለችው ኮምፒውተር የአንባቢዎች ቅሬታ የሚመዘገብበት መከታተያ ነበር፤ አዲስ ስለነበር ገና ጥቂት ቅሬታ ነው ያለበት። መጻፍ የማይሆንላቸውን ሰዎች ቅሬታ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ቀን የራሳቸውን ጻፉ። መከታተያው አሥራ ሁለት ቁጥር ሰጣቸው።

ችግሩ፣ ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሰዎች ምድር ቤት ናቸው፤ ኮዳቸውንም የሚያኖሩት በሌላ ድረ ገጽ ላይ ነው። ቅሬታው ላይ ቤት ይጻፋል፣ ሥራው ታች ቤት ይሠራል፤ ሁለቱ አይተያዩም። መሪው ሲነገረው «አገናኟቸዋ!» አለ።

ሲያገናኟቸው እኔ እዚያው ነበርኩ፤ የምድር ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለ ቧንቧ አንጠባጥቦ ተጠርቼ መሰላል ላይ ቆሜያለሁ። ከሥሬ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱን ጉም እንለዋለን፤ ራሰ በራ፣ የልጆች አባት፣ ሲገባም ሲወጣም የማይሰማ ሰው ነው። ሌላው ባለ ኮፍያው ነው፤ እሱ ደግሞ ሳይገባ ይሰማል። እትዬ ቀስታ በመሃላቸው ወንበር ተሰጥቷቸው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሐኪም ፊት እንደቀረበ ሰው ተቀምጠዋል።

ጉም በኮድ ድረ ገጹ ላይ ሴቲንግ የሚባለውን ማስተካከያ ከፈተና «የውጭ ጉዳይ መከታተያ» የሚለውን መረጠ።

«እሰይ!» አለ ባለ ኮፍያው። «እትዬ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑልን!»

«አንተ ከሆንክ አምባሳደሩ፣ አገሪቱን እግዜር ያውጣት» አሉት ዞር ሳይሉ።

ጉም ሳቀና አድራሻዎቹን መጠየቅ ጀመረ፤ መከታተያው የሚገኝበትን፣ አዲስ ቅሬታ የሚጻፍበትን፣ እያንዳንዱ ቅሬታ በቁጥሩ የሚከፈትበትን። እሳቸው ከኮምፒውተራቸው ገልብጠው ያመጡትን ፊደል በፊደል አነበቡለት፤ እሱም ጻፈ።

«አሁን እኔ አንድ ሥራ ጨርሼ ኮዱን ሳስገባ፣ ‹ይህን ቁጥር ይዘጋል› ብዬ ከጻፍኩ፣ እርስዎ ዘንድ ያለው ቅሬታ በራሱ ‹ተፈቷል› ይላል።»

«እኔ ሳልነካው?»

«ሳይነኩት።»

«አቤት የፈጣሪ ሥራ!»

«የፈጣሪ አይደለም እትዬ፣ የእኛ ነው» አለ ባለ ኮፍያው።

«እናንተንስ ማን ሠራችሁ?»

 ከላይ ሆኜ ሳያቸው፣ የቧንቧው ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ሦስቱ ራሶች በስክሪኑ ሰማያዊ ብርሃን ዙሪያ ተጎንብሰው፣ ጉድጓድ ውስጥ ጨረቃ የሚያዩ ሰዎች ይመስሉ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት፣ እትዬ ቀስታ ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ አሥራ ሁለት ቁጥር አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃቸው። «ተፈቷል» ይላል።

ወደ ጀርባው ክፍል ሲገቡ እግራቸው መሬት የነካ አይመስልም ነበር። በየጠረጴዛው እየዞሩ በሹክሹክታ ነገሩን። ስለ ወንዞች የተጻፈ ትልቅ መጽሐፍ ለብዙ ጊዜ ሲያነቡ የኖሩት ጡረተኛው የመሬት ቀያሽ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «አላልኳችሁም?» አሉ። ምንም ብለውን አያውቁም፤ ግን ደስ ስላለን «ብለውናል ጋሼ» አልናቸው።

ማታ እትዬ ቀስታ ኬክ ይሠሩ ጀመር። ልጃቸው ከሆስፒታል ስትመለስ ክንዳቸው ድረስ ዱቄት ሆነዋል።

«እማዬ፣ ማን ሊያገባ ነው?»

«ለምድር ቤት ልጆች ነው። ለውለታቸው።»

«ለኮምፒውተር ሰዎች ኬክ! እኔ ስንቱን በሽተኛ አገላብጬ ስመጣ አንድ ቀን ኬክ ጠብቆኝ ያውቃል?»

«አንቺን ዘጠኝ ወር ተሸክሜሻለሁ። ከዚያ በላይ ምን ኬክ አለ?»

ልጅየዋ ጠርዙን ቆርሳ ቀመሰችና ይቅርታ አደረገችላቸው።

በማግስቱ ምድር ቤት የሆነውን የነገረኝ ጉም ራሱ ነው። እትዬ ቀስታ ኬኩን በጨርቅ ሸፍነው ወረዱ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ሁለቱንም ግንባራቸውን ስመው «እጃችሁ ይባረክ» ብለው ወጡ። ሁለቱ ተያዩ።

«ምን አድርገን ነው?» አለ ጉም።

«ዝም ብለህ ብላ! ምስጋና አይመለስም።»

ጉም በላ።  ባልሠራው ሥራ ተመስግኖ አያውቅም። ምን እንደሠራ ለማወቅ ባለፉት ቀናት ኮድ ሲያስገባ የጻፋቸውን ማስታወሻዎች ከፈተ። አንዱ ላይ የ«ፈልግ» ቁልፍን ቀለም እንዳስተካከለ ጽፎ፣ መጨረሻው ላይ «አሥራ ሁለትን ይዘጋል» ብሎ ነበር። አሥራ ሁለት በእነሱ በኩል ስለዚያ ቁልፍ ቀለም ከተጻፈች ቆይታለች፤ ስትንከባለል የኖረች ትንሽ ሥራ ነች። ቁጥሯን ተጫናት።

የተከፈተው ስለ ቁልፍ ቀለም አልነበረም። እንዲህ ይላል፦

«በጀርባው ክፍል ያሉት መጻሕፍት ይነበባሉ። ከክፍሉ ስለማይወጡ ግን ፕሮግራሙ እንደሞቱ ይቆጥራቸዋል። ከመጫናቸው በፊት አንድ ሰው መጥቶ ይይልን።»

ያኔ ገባው። ምድር ቤቶቹ በኮዱ ድረ ገጽ ውስጥ የራሳቸው የሥራ ዝርዝር ነበራቸው፤ ከአንድ ጀምሮ የተቆጠረ። የእትዬ ቀስታ መከታተያም ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል። ሁለቱን ሲያገናኙ አሮጌውን ዝርዝር መዝጋት ረስተዋል። እኔ በሥራዬ የማውቀው ነገር ነው፤ አዲስ ቧንቧ ስትቀጥል አሮጌው ካልተደፈነ ውኃው መንገድ ይስታል። ጉም የቁልፍ ቀለም ዘጋሁ ብሎ የአንድ ክፍል ሙሉ ሰው ልመና ዘግቷል።

ሌሎቹን ማስታወሻዎቹንም መጫን ጀመረ። ማቆም አቃተኝ አለኝ። በእጁ የጻፋቸው አሮጌ ቁጥሮች ሁሉ ወደማያውቃቸው ሰዎች ይወስዱት ነበር። ስለ ተዛባ ሰዓት የጻፈውን ሲነካ፣ ከሥራ ሲወጣ ሁልጊዜ በሩ ተዘግቶ የሚደርስ አንድ ዳቦ ጋጋሪ አገኘ። በቃላት መካከል ስለ ተረሳ ክፍተት የጻፈውን ሲነካ፣ ፊደሉ አንሶባት ሰው መጠየቅ ያፈረች አንዲት ሴት አገኘ። በተሳሳተ በር እየገባ፣ በየክፍሉ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲጠብቀው እንደማየት ነው አለኝ። ለዓመታት ከሥራቸው ሲሠራ የኖረላቸውን ሰዎች ድምፅ የሰማው ያን ቀን ነው።

ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ሲገባ አልሰማሁትም፤ ድንገት ቆሞ አየሁት። የዛፉ ጥላ በራሱ ላይ ያልፋል። ጡረተኛው ቀያሽ በዚያ ሰዓት ንባባቸውን ጨርሰው፣ የወንዞቹን መጽሐፍ ከድነው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ሄደው ቦታው ላይ መለሱት፤ ጀርባውንም መታ መታ አደረጉት። ከኋላቸው አንዲት ተማሪ እንዲሁ አደረገች። ጉም ይህን ቆሞ አየና ወደ እትዬ ቀስታ ጠረጴዛ ሄደ።

«እትዬ፣ ኬኩን በላሁ።»

«ይስማማህ።»

«አልተስማማኝም።»

ነገራቸው። አሥራ ሁለት ቁጥር እንዳልተሠራ፣ ቁጥር ከቁጥር እንደተጋጨ፣ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ።  እትዬ ቀስታ ቀና ብለው በየጠረጴዛው ያለነውን አንድ በአንድ አዩን።

«እኔ እኮ ለሁሉም ነግሬያለሁ» አሉ። «መኪናው ሰኞ ይመጣል።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ሲቀር ምን ያደርጉታል?»

«አይቀርም።»

«ቢቀርስ?»

«ማን ይተዋል? የዚህ ክፍል ሰው ጨዋ ነው!»

«እሱ ነው እትዬ» አለ ጉም። «መጻሕፍቱን የገደላቸው ጨዋነቱ ነው። መጽሐፉን ራሳቸው ስለሚመልሱት በእርስዎ እጅ አያልፍም፤ መነበቡም የትም አይመዘገብም። ጠረጴዛ ላይ ቢተዉት፣ እርስዎ ሲሰበስቡ በስካነር ቢያነሡት፣ እኔ ‹እዚሁ ተነቧል› ብሎ እንዲቆጥር አደርገዋለሁ። ዛሬውኑ።»

እትዬ ቀስታ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ለዓመታት በዐይናቸው ያስተማሩን ትምህርት ነው።

መሪው ዘንድ አብረው ሄዱ። እሱም ሰማቸውና «መኪናው ተጠርቷል፤ ልመልሰው አልችልም» አለ። «ግን ዝርዝሩን ሰኞ ጠዋት እንደገና አወጣለሁ። ዝርዝሩ ላይ የሌለውን አልነካም። ከዚህ የበለጠ ምን ልበላችሁ?» እውነቱን ነው፤ ከዚህ የበለጠ አልነበረውም።

ጉም ምድር ቤት ወርዶ አሮጌውን ዝርዝር ዘጋ፤ አሥራ ሁለት ቁጥርን እንደገና ከፈተ፤ የቀረውን ሠራ። እትዬ ቀስታ ደግሞ በክፍሉ መሃል ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጮክ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ መጽሐፍ አትመልሱ! ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ሂዱ።»

ጡረተኛው ቀያሽ ደነገጡ። «እትዬ፣ ደህና ነዎት? ውኃ ይምጣልዎት?»

ባለ ኮፍያው የተሻለ መላ አለኝ ብሎ መጣ። «ስካነሩን ይስጡኝና ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ ጢው ጢው እያደረግኩ ልሂድ። ለምሳ ሳልወጣ ክፍሉ በሙሉ ይድናል።»

እትዬ ቀስታ ስካነሩን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት። እንደፈተናቸው ከፊታቸው አይቻለሁ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያልተነበበውን ተነበበ ካልን፣ እኛ ከፕሮግራሙ በምን ተሻልን? እሱስ ሳያውቅ ነው የዋሸው።» ወደ እኛ ዞሩ። «ያላነበባችሁትን አታውርዱ። ያወረዳችሁትን አንብቡ። የቀረውን ለሱ እንተውለት።» ወደ ላይ፣ ወደ መስኮቶቹ አመለከቱ።

ወሬው ወጣ። ለዓመታት ያላየናቸው ሰዎች መጡ። አንዳንዱ ልጁን አስከትሎ፣ አንዳንዱ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ይገባና ድሮ ያነበበውን ፈልጎ ያወርዳል። ድሮ ያነበቡት ያለቀባቸው ደግሞ ማንም ወደማይደርስባቸው መደርደሪያዎች ሄዱ፤ ለብዙ ጊዜ ያልተጠየቀ ዘመድ ቤት እንደሚኬድ፣ እያፈሩ። እኔ ስለ ንብ እርባታ አነበብኩ። ከዚያ ስለ ደወል አሠራር፣ ከዚያ ማንነቱን ፈጽሞ ስለማላውቀው አንድ ሐኪም ሕይወት። የአንዳንዱ መጽሐፍ ገጾች፣ ማንም ገልጧቸው ስለማያውቅ፣ ጠርዛቸው ገና አልተላቀቀም ነበር። ዐይኔ ሲደክም ቀና እላለሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ጎንበስ ብሏል፤ የሚሰማው የገጽ ድምፅ ብቻ ነው፤ የቅጠሉ ጥላ በሰዎቹ ጀርባ ላይ ይሄዳል። ንቦቹም፣ ደወሎቹም፣ ሐኪሙም፣ የቀያሹ ወንዞችም አንድ ላይ እየፈሰሱ እኛን ተሸክመው የሚወስዱን መሰለኝ። ያንን ሳምንት ያሳየኝ አምላክ ይመስገን።

ጠረጴዛዎቹ ላይ መጻሕፍት ተከመሩ። እትዬ ቀስታ በመሃላቸው ስካነሩን ይዘው ይዞራሉ፤ ዝርክርኩን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይኮማተራል፤ መሣሪያው ጢው ባለ ቁጥር ደግሞ ይፈታል።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ግቢ ገባ። ሾፌሩ የኋላውን መዝጊያ አውርዶ፣ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ። መሪው ዝርዝሩን ይዞ ወረደ። ከአንድ ገጽ አይበልጥም ነበር። ጊዜ ያለፈባቸው የቀረጥ ተመኖች፣ መልካቸው አንድ የሆነ የስልክ ቁጥር ማውጫዎች፣ የማናውቀው ቋንቋ የሰዋስው መጽሐፍ፣ ማንም ያልደረሰላቸው ጥቂት ሌሎችም። ጉምና እኔ ተሸክመን አወጣናቸው።

«ለዚህ ነው መኪና ሙሉ ያላችሁኝ?» አለ ሾፌሩ።

«የተሰበሩ ወንበሮች አሉ፤ እነሱን ጫን» አለው መሪው፤ ለመሳቅም ለመናደድም ሳይወስን።

ወንበሮቹ ተጫኑ። መጻሕፍቱ ከላያቸው ተደረጉ። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ እትዬ ቀስታ ከበሩ ወጡ፤ ወደ መኪናው ጠጋ ብለው ከላይ ያለውን መጽሐፍ አነሡ። የሰዋስው መጽሐፉ ነበር። ቆመው ከፈቱት።

«አሁን ይህም ተነበበ ልንል ነው?» አለ መሪው።

«አይ፣ ይሂድ። ዝርዝርህ ላይ አለ፤ ቃል ቃል ነው» አሉ ዐይናቸውን ከገጹ ሳያነሡ። «ግን ማንም ሳያየው አይሂድ።»

ጣታቸው በማያውቋቸው ቃላት ሥር ቀስ እያለ ሄደ። ገጹን ገለበጡ። የሞተሩ ጭስ በግቢው ተበተነ።

«እማማ፣ እንሂድ ወይስ እስኪጨርሱት ልጠብቅ?» አለ ሾፌሩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ።

«ይቺን ምዕራፍ ልጨርስ።»

ሾፌሩ እኛን አየን፤ እሳቸውን አየ፤ ከዚያም ሞተሩን አጠፋ።